አየርላንድ ማን አላት?

ለዕረፍቱ ብሎ ወደ ዝናብ የሚሄድ ሰው አይተህ ታውቃለህ? እኔ አላየሁም ነበር። ኦስሎ ውስጥ የማውቀው ሰው ሁሉ ፌሪየው፣ የበጋው ዕረፍት፣ ሲደርስ የሚሮጠው ወደ ሲደን ነው። ሲደን የአንድ አገር ስም እንዳይመስልህ። ኖርዌጂያኖች ፀሐይ ያለበትን ደቡብ ሁሉ በጅምላ የሚጠሩበት ነው። ስፔንም ሲደን፣ ግሪክም ሲደን። ሰዉ ሄዶ ቀልቶ ይመለሳል፣ እኛም "እንዴት አምሮብሃል" እንለዋለን፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

ልጄ ማህሌት ግን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሃውገሩድ ያለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ካርታ ዘርግታ ጠበቀችኝ። "አባዬ፣ በዩሊ ወር አየርላንድ እንሄዳለን" አለችኝ።

ማህሌት ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። እዚሁ ነው የተወለደችው። ነርስነት ትማራለች፣ ከትምህርቷ ጎን ደግሞ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ትሠራለች። እናቷ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆነ፤ ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና እሷ ነን። እኔ የትምህርት ቤት ቫክትመስተር ነኝ። የተሰበረውን እጠግናለሁ፣ የተዘጋው በር ደግሞ እውነት መዘጋቱን ዞሬ አያለሁ። ሃያ ዓመት የበር እጀታ ሲነቀንቅ የኖረ ሰው "ተዘግቷል" ስላሉት ብቻ አያምንም። ስለዚህ መጀመሪያ የጠየቅኳት ስለ አየሩም ስለ መንገዱም አይደለም።

"እዚያ ማን አለ?" አልኳት።

"ሰው አለ፣ አባዬ" አለችኝ ሳትስቅ።

መልሱን ልብ በልልኝ። ማንም የለም አላለችም።

ቀጥላ በስልኳ ፎቶ ታሳየኝ ጀመር። አንዱ ባሕር ላይ የተንጠለጠለ ገደል ነው። ገደል ለማየት ከኖርዌይ ይወጣል እንዴ? ሌላው የሣር ክዳን ያለው ነጭ ቤት ነው፤ የምናድረው እዚያ ነው አለች። እኔ እኮ የሣር ክዳን ቤት ውስጥ ነው የተወለድኩት። ከዚያ ለመውጣት ያየሁትን መከራ አይቼ፣ አሁን በአውሮፕላን ተሳፍሬ ልመለስበት? ከዚያ የጸበል ቦታ አሳየችኝ። ውሃው ከድንጋይ ሥር ይፈልቃል፤ አጠገቡ ዛፍ አለ፣ ዛፉ ላይ ደግሞ የታመመ ሰው ተስሎ ያሰረው ቁራጭ ጨርቅ። እዚህ ላይ ስልኩን ተቀብዬ ወደ ዓይኔ አስጠጋሁ። እናቴ እጄን ይዛ የወሰደችኝን ጸበል ያየሁ መሰለኝ።

ማህሌት ማስጠጋቴን አየች። "አየህ፣ የምታውቀው አገር ነው" አለችኝ። የት ቦታ እንደምትነካኝ ማወቋ ራሱ አጠራጠረኝ።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ የሚወራው አየርላንድ ብቻ ሆነ። የጥንት መነኮሳት ያቆሙት የድንጋይ ማማ አለ ትላለች። የድሮ ቋንቋቸውን የማይተው መንደር አለ፣ መንገዱ ላይ በግ ቅድሚያ አለው ትላለች። ክፍሏ ገብታ ከቪዲዮ እያየች ጭፈራቸውን ትለማመዳለች። ጭፈራውን አይተኸዋል? የእኛ ትከሻ ነው። እነሱ ትከሻቸውን ቤት ትተው የመጡ ይመስላሉ፤ እጅ ወደ ጎን ተጣብቆ እግር ብቻ ያብዳል። ከታች ያለው ጎረቤታችን ወጥቶ፣ በጣም በትህትና፣ ቤት እያደሳችሁ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት ስልኩን ነው። ክፍሏን ዘግታ በእንግሊዝኛ ታወራለች፣ ትስቃለች፣ እኔ በኮሪደሩ ሳልፍ ድምጿ ዝቅ ይላል። ማን ነው ስላት የምናድርበት ቤት ባለቤት ናቸው ትለኛለች። አልጋ ለመያዝ እንዲህ ይሳቃል?

አንድ ቀን ደግሞ የቤቱ ማረጋገጫ ወረቀት ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ አገኘሁት። ሦስት ሰው፣ ሦስት መኝታ ክፍል ይላል። ደግሜ ቆጠርኩ። እኔና ማህሌት፣ በየትኛውም አገር ሒሳብ፣ ሁለት ነን።

እራት ላይ ሾርባዋን ግማሽ እስክታደርስ ጠብቄ "ሦስተኛው ሰው ማን ነው?" አልኳት።

ማንኪያዋን አስቀመጠች። "ዘነበች ናት። የሆልምሊያዋ።"

የዛሬ ልጆች ትልቅ ሰውን "ናት" ነው የሚሉት፣ ተወው። ወይዘሮ ዘነበች ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ ሰላም የምንላቸው ሴት ናቸው። ሆልምሊያ ሰፈር አንድ ባርነሃገ ውስጥ ሕፃናት ይጠብቃሉ። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ልጅ የላቸውም። ምን አገናኛቸው ከእኛ ጉዞ ብዬ ጠየቅኩ። ብቻዋን ናት፣ አገር ማየት ትወዳለች አለችኝ። እንዴት ሳትነግሪኝ ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

"አባዬ፣ በዚህ ስድስት ዓመት ከሥራና ከቤተ ክርስቲያን ሌላ የት ሄድክ?" አለችኝ ቀስ ብላ። "እኔ ሁልጊዜ እዚህ ቤት አልኖርም።"

ተነስቼ ሳህኔን አጠብኩ፤ ንጹሕ ከሆነም በኋላ ማጠቤን አላቆምኩም። ተናድጄ ነበር። ከንዴቱ ሥር ደግሞ ሌላ ነገር ነበር፣ አሁን ሳስበው እፍረት ነው። በዚያ ላይ "እዚህ ቤት አልኖርም" ያለችው ጆሮዬ ላይ ቀረ። ታዲያ የት ልትኖር ነው? አየርላንድ?

በማግስቱ በባቡር ሆልምሊያ ሄድኩ። ወይዘሮ ዘነበችን ይቅርታ ጠይቄ፣ እኔ አልሄድም ልላቸው ነው። በሩን ከፍተው አስገቡኝና አፌን ሳልከፍት እሳቸው ቀደሙኝ።

"እኔም እርስዎን ላነጋግር እያሰብኩ ነበር" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ለመሆኑ ልጅቷ አየርላንድ ማን አላት?"

ተቀመጥኩ። ለካ እሳቸውም ጠርጥረዋል። ማህሌት ልትጋብዛቸው መጥታ ሳለ ስልክ ተደውሎላት በረንዳ ላይ ሆና ስትስቅ ሰምተዋታል። ግብዣውን የተቀበሉት ለገደሉም ለጸበሉም አይደለም፤ እናት የሌላትን ልጅ ለመጠበቅ ነው። እርስዎ አባት ነዎት፣ ይህ ነገር አይታይዎትም ብዬ ነው አሉኝ። በሙያዬ ማንም እንዲህ ዘልፎኝ አያውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ዕቅድ ሆነ። አንደኛው የማህሌት ነው። ሁለተኛው የእኔና የወይዘሮ ዘነበች ነው። እሳቸው አጠገቧ ያለውን ክፍል ይይዛሉ፣ እኔ ወደ ውጭ በሩ የሚቀርበውን። ገደሉ ጋ ስትደርስ ማን ቀርቦ እንደሚያናግራት እናያለን። ከቅዳሴ በኋላ ወደ ጎን ወጣ ብለን ይህን እንመክራለን። እሁድ አጭር እየሆነብን ስለመጣ ማክሰኞ ማክሰኞም እንመክር ጀመር።

ልንሄድ ሁለት ቀን ሲቀረን ማህሌት ፊቷን አጨማዳ ገባች። የአረጋውያኑ መኖሪያ ውስጥ ሠራተኛ ታሞ ሥራ ግቢ ብለዋታል። አይ፣ አልችልም ብትልም አልሆነም። እናንተ ሂዱ፣ ሁሉ ነገር ተዘጋጅቷል አለች። ለወይዘሮ ዘነበች ደወልኩ። የምንጠብቃት ልጅ ቀርታለች፣ ታዲያ ምን እንሠራለን አልኳቸው። እሳቸው ግን "የዝናብ ጫማ ገዝቻለሁ እኮ" አሉ።

ሄድን።

ዝናቡ እንደተነገረን ነው። የቤቱ ባለቤት ፀጉራቸው የነጣ፣ ወሬ የሚወዱ ሴትዮ ናቸው። ገና ቦርሳ ሳናስቀምጥ የማህሌት ድምፅ እንደናፈቃቸው ነገሩን። ከስልክ ወሬዋ የተነሳ እኔ በር ሦስት ጊዜ እንደምፈትሽ ሁሉ ያውቃሉ። ያ ሁሉ ሳቅ ከእሳቸው ጋር ነበር። እኔና ወይዘሮ ዘነበች ተያይተን መሬት መሬት አየን። ማታ መንደሩ መጠጥ ቤት ወሰዱን። አንዱ ቫዮሊን፣ አንዱ ዋሽንት ይዞ ተቀመጠ፤ አንዲት ሴት ዓይኗን ጨፍና በድሮ ቋንቋቸው ዘፈነች። ቃሉን ሳንሰማ ወይዘሮ ዘነበች እንባቸውን ጠረጉ፤ እኔም ጣራ ጣራውን አየሁ።

በሦስተኛው ቀን ጸበሉ ጋ ሄድን። ድንጋዩ አረንጓዴ ሆኖ ያዳልጣል። ጎንበስ ብዬ ውሃውን ስነካ እግሬ ሸሸ።

"ተጠንቀቅ" አለችኝ ክንዴን ይዛ።

ተጠንቀቅ። ይጠንቀቁ አይደለም። ሁለታችንም ሰማነው። አልታረመም። ከዚያ ወዲያ ዘነበች አንተ አለችኝ፣ እኔም አንቺ አልኳት፤ ክንዴንም ቶሎ አልለቀቀችም።

ኦስሎ ስንመለስ ማህሌት አውሮፕላን ማረፊያ ጠበቀችን። ብቻዋን አልነበረችም። አጠገቧ ረጅም፣ ጺሙን በሥርዓት የተከረከመ ወጣት ቆሟል። ጃኬቷን በክንዱ ይዞላታል። በጠራ አማርኛ እንኳን ደህና መጣችሁ አለን። ከየት ነህ ስለው ከሊንደሩድ አለኝ። ሊንደሩድ! ከቤቴ የአንድ አውቶቡስ መንገድ። እኔ ባሕር ማዶ ድረስ የሄድኩለት ሰው።

ልጠይቀው አፌን ስከፍት ዘነበች ከኋላዬ "ግርማ፣ ሻርፔን ያዝልኝ እስቲ" አለችና አንገቴ ላይ ጣል አደረገችው። ማህሌት ሻርፑን አየች። እኔን አየች። እኔ ጃኬቱን አየሁ።

"ጉዞው እንዴት ነበር?" አለችኝ።

"ጥሩ ነበር። ሥራስ?"

"ጥሩ ነበር።"

ባቡር ውስጥ አራታችን ፊት ለፊት ተቀመጥን። እስክንወርድ ድረስ ስለ አየርላንድ በግ ብቻ አወራን።