ምስጋና የማይሹ ሰዎች የምስጋና ገጽ

ሰው ከተማ ይቆረቁራል፣ ከተማም ሰው ታፈራለች። የከተማን ታሪክ ድረ ገጽ ላይ አስፍሮ ሲያበቃ «እንግዲህ ማን ይመስገን?» ብሎ ስምንት ወር መሰብሰብ ግን ከላይ ካልተሰጠ በቀር በጥረት ብቻ የሚገኝ ጸጋ አይደለም። ይህ ጸጋ የወረደው አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ ላይ ነው። ታሪኳ የተጻፈላት የወደብ ከተማ ስም እዚህ አይነሣም፤ ከተነሣ ሌላ ኮሚቴ መቋቋሙ አይቀርማ። ዴንቨርና አካባቢዋ ከባሕር ወለል አንድ ማይል ከፍ ብለው ስለተቀመጡ፣ ስለ ባሕር ለመጻፍ ከዚህ የተሻለ ቦታ እንደሌለ ከከተማዋ የወጡ ሰዎች ያቋቋሙት ኮሚቴ ሊቀመንበር አቶ ሕሩይ ወልደገብርኤል በመጀመሪያው ስብሰባ አስረድተዋል። «ከላይ ሆኖ ያየ ሁሉን ያያል» አሉ። ተጨበጨበላቸው።

አቶ ሕሩይ ከኤርፖርቱ መኪና ማቆሚያ እስከ ተርሚናሉ ሻትል አውቶቡስ ሲነዱ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። መንገደኛው ሁሉ «ታንክ ዩ» እያለ ይወርዳል፤ ስማቸውን የጠየቀ ግን አንድም ሰው ትዝ አይላቸውም። የልባቸውን እንናገር ከተባለ፣ ከድረ ገጹ የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ከልብ የምናመሰግናቸው» ከሚለው ርዕስ ሥር ስማቸው ተጽፎ ማየት። ይህን በአፍ ማውጣት ደግሞ ነውር ነው። ጨዋ ሰው የፈለገውን ነገር ሲሰጡት እምቢ ይላል፣ ይለመናል፣ እንደገና እምቢ ይላል፣ በሦስተኛው «እንግዲህ ካላችሁ» ብሎ ፊቱን ቅጭም አድርጎ ይቀበላል። እናታቸው ያሳደጓቸው እንደዚህ ነው፤ ነፍሳቸውን ይማርና።

ታሪኩ ራሱ ያለ ብዙ ጭቅጭቅ አልቆ ነበር። ወይዘሮ ፀዳል የወደቡ ስልክ ኦፕሬተር ሳሉ ያጠራቀሟቸውን ስልሳ ሦስት ፎቶግራፎች፣ ማን ከማን አጠገብ እንደቆመ ከየጀርባው በእጃቸው እንደጻፉበት፣ ከብስኩት ቆርቆሮ አውጥተው ሰጥተዋል። ቶርንተን የሚኖሩት የሰማንያ ሁለት ዓመቱ አቶ ሀይለማርያም ክሬን ነጂ ነበሩና፣ የትኛው መርከብ በየትኛው ዓመት ምን እንዳራገፈ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ በስልክ ተርከዋል። የአቶ ሕሩይ ልጅ ሩቲ ሁሉንም ለቅማ ድረ ገጹ ላይ ጫነችው። አቶ ሕሩይን ጨምሮ እንዲህ የለፉ ሠላሳ አንድ ሰዎች ነበሩ። ሠላሳ ሁለተኛው አቶ ንዋይ ነው። አቶ ንዋይ በልጅነቱ ለአጎቱ ሠርግ ሄዶ ከተማዋ ውስጥ ሦስት ቀን አድሯል። ለድረ ገጹም «ሐሳቡ አሪፍ ነው፣ ግፉበት» በማለት የማይናቅ አስተዋጽዖ አድርጓል።

ጭቅጭቁ የመጣው ከምስጋናው ጋር ነው። የስሞቹ ቅደም ተከተል በዕድሜ ይሁን ሲባል ሴቶቹ ተቆጡ፤ ከተማዋን በለቀቁበት ዓመት ይሁን ሲባል ስብሰባው ለቅሶ ቤት ሆነ። ስምንት ወር እንዲህ አለፈ። በመጨረሻ ሩቲ መፍትሔ አመጣች።

«ዳዲ፣ ጀስት ፎርም ሴንድ አድርግላቸው። የሰው ስም ኦንላይን ለማውጣት እኮ ፐርሚሽን ያስፈልጋል። የስ ኦር ኖ። ዛትስ ኢት።»

አቶ ሕሩይ ልጃቸው አሜሪካ በመወለዷ ያን ቀን ኮሩ። በሚቀጥለው ስብሰባ ጉሮሯቸውን ጠርገው መመሪያውን አወጁ፦ «በዚህ አገር ሰው ኖ ካለ ኖ ነው! ደግሞ ደጋግሞ መጠየቅ ሰውን ማስጨነቅ ነው። ስለዚህ ፎርሙ አንዴ ይላካል፤ ሁለተኛ ጥያቄ የለም።» ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸድቆ በቃለ ጉባኤ ተመዘገበ። በእውነቱ ከዚህ የሠለጠነ ውሳኔ በአውሮራ ምድር ተወስኖ አያውቅም።

ፎርሙ በየሰዉ ስልክ ደረሰ። «ስምዎ በምስጋና ገጹ ላይ እንዲወጣ ይፈልጋሉ?» ይላል፤ ከሥሩም «እፈልጋለሁ» እና «አልፈልግም» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አሉ። ልብ በሉ፤ ፎርም አይለምንም። ፎርም «በሞቴ» አይልም። ወይዘሮ ፀዳል ደንቡ እንደሚያዘው «አልፈልግም» የሚለውን ነክተው፣ ለምኑኝ ብለው ተቀመጡ። አቶ ሀይለማርያም «አልፈልግም» ካሉ በኋላ፣ ለአስተያየት በተተወው ቦታ «እኔ ማን ነኝና» ብለው አከሉ። ሌሎቹም ጨዋዎች ናቸውና እንደዚያው አደረጉ። አቶ ንዋይ ብቻ ፎርሙ በደረሰው በአራተኛው ደቂቃ «እፈልጋለሁ» አለና ጥቁር መነጽር ያደረገበትን ፎቶ አያይዞ ላከ።

አቶ ሕሩይ ሻትላቸውን ጥግ አስይዘው ፎርሙን ከፈቱት። ጣታቸው «እፈልጋለሁ» ላይ ደርሶ ተመለሰ። ሊቀመንበር ሆኖ «እፈልጋለሁ»? ሰው ምን ይላል? «አልፈልግም» የሚለውን ነኩና «ስም ለእግዚአብሔር ነው» ብለው ጻፉበት። ከዚያ ስልካቸውን ዳሽቦርዱ ላይ አስቀምጠው የሚለምናቸውን ሰው ይጠብቁ ጀመር። ሦስት ቀን ጠበቁ። ስልኩ ጭጭ አለ። በአራተኛው ቀን ለወይዘሮ ፀዳል ራሳቸው ደወሉ።

«እትዬ ፀዳል፣ ፎርሙን ሞሉት?»

«ሞላሁት እንጂ። አልፈልግም አልኩ።»

«እኔም አልፈልግም ብያለሁ።»

«ጎሽ፣ ጨዋ ነህ።»

«እርስዎም ጨዋ ነዎት።»

 ወይዘሮ ፀዳል ሊቀመንበሩ እስኪለምኗቸው ይጠብቃሉ፤ ሊቀመንበሩ ደግሞ ሁለተኛ ጥያቄ የለም ብለው ያወጁ ሰው ናቸው፣ ደግሞስ መለመን ያለበት ማን ሆነና!

«በል እንግዲህ ደህና ሁን» አሉ ወይዘሮ ፀዳል፣ ድምፃቸው ቀዝቀዝ ብሎ።

የምረቃው ዕለት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ጢም አለ። ፎቶዎቹ አንድ በአንድ ግድግዳው ላይ ሲታዩ ያላለቀሰ አልነበረም። ከዚያ ሩቲ «ከልብ የምናመሰግናቸው» የሚለውን ተጫነች። ንዋይ ከነመነጽሩ ግድግዳውን ሞላው። ከእሱ ሌላ አንድም ስም የለም።

አዳራሹ አጉረመረመ። «ፎቶዎቹን ያመጣው እሱ ነው እንዴ?» አሉ ወይዘሮ ፀዳል ጮክ ብለው።

አቶ ሕሩይ ወደ ልጃቸው ጎንበስ አሉ። «የኔስ ስም?»

«ዳዲ፣ ኖ ብለሃል እኮ።»

«ኖ ያልኩት... እንዲያው ለወጉ ነው እንጂ!»

«ኖ ካለ ኖ ነው ያልከው አንተ ነህ። ስምህን ባወጣው ኢሊጋል ይሆናል።»

ንዋይ በበኩሉ ማጉረምረሙን ሰምቶ ተቀየመ። «እኔ ለስም ብዬ አይደለም የለፋሁት! ስሜን ሰርዙልኝ!» ብሎ በሩን አላትሞ ወጣ። ሩቲም ሕግ አክባሪ ናትና እዚያው አጠፋችው። «ከልብ የምናመሰግናቸው» የሚለው ርዕስ ሠላሳ አንድ የለፉ ሰዎች ፊት ብቻውን ቀረ። ኧረ የምን ውርደት ነው! ባዶ የምስጋና ገጽ ዓለም ሁሉ ሊያየው!

ኮሚቴው በአስቸኳይ ተሰበሰበና ንዋይ እንዲለመን ወሰነ። ሌላውን እንለምን ያለ አልነበረም፤ ሌላው እንደሆነ «አልፈልግም» ማለቱ በሰነድ ተረጋግጧል። በሚቀጥለው ቅዳሜ አቶ ሕሩይ፣ ወይዘሮ ፀዳልና አቶ ሀይለማርያም ሴንቴኒያል ከተማ ወደሚገኘው የንዋይ ቤት ለሽምግልና ሄዱ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ» አለ ንዋይ።

«እሺ ሳትለን አንቀመጥም» አሉ አቶ ሀይለማርያም ከዘራቸውን ተደግፈው።

«ኧረ እኔ ምን ሠራሁና?» አለ ንዋይ። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ እውነት የተነገረው ያኔ ብቻ ነው፤ ማንም አላመነውም።

«ስለ ከተማዋ ብለህ» አሉ አቶ ሕሩይ።

«አይሆንም፣ ተቀይሜያለሁ።»

«ስለ እናታችን፣ ስለ እትዬ ፀዳል ብለህ።»

«ጋሼ ሕሩይ፣ አያስቸግሩኝ።»

አቶ ሕሩይ የሚያዝያው በረዶ ያረጠበውን ኮታቸውን ሰብሰብ አድርገው ጉልበቱን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። ራሳቸው ሦስት ጊዜ ለመለመን ስምንት ወር የጠበቁ ሰው፣ ሦስተኛዋን ለሌላ ሰጡ። «በሞቴ!»

«እንግዲህ ካላችሁ» አለ ንዋይ ፊቱን ቅጭም አድርጎ። «ግን ገጹን ራሴ ነኝ የምጽፈው።» ወይዘሮ ፀዳል እልል አሉ።

ገጹ ሰኞ ዕለት ወጣ። አቶ ሕሩይ ተርሚናሉ በር ላይ ሻትላቸውን አቁመው፣ መንገደኛው ሻንጣውን እስኪያወርድ ስልካቸው ላይ አነበቡት። ከላይ «ለዚህ ታሪክ መገኘት ዋናው ምክንያት አቶ ንዋይ ናቸው» ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ፦ «አቶ ንዋይን በመለመን ለተባበሩት አቶ ሕሩይ ወልደገብርኤል፣ ወይዘሮ ፀዳልና አቶ ሀይለማርያም ምስጋናችን ይድረሳቸው።»

ወዲያው ሩቲ ደወለች። «ዳዲ፣ አየኸው? ዚስ ኢዝ ሶ ኢንሰልቲንግ! ዲሊት ላድርገው?»

አቶ ሕሩይ ስማቸውን በሁለት ጣት አስፍተው አዩት። አጠበቡትና እንደገና አሰፉት።

«እንዳትነኪው!» አሉ። «ይኼም የተገኘው በስንት ልመና ነው።»