ካሜራ የያዘው ሰውዬ

ፖሊስ እንፈራለን የምትሉ ሰዎች፣ እሁድ ጠዋት እዚህ አሜሪካ፣ አውሮራ ከተማ፣ በረዶ ላይ የኳስ ጨዋታ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ተጫዋቾቻችን ለሚስቶቻቸው «ቅዳሴ ሄድኩ» ብለው፣ ነጠላቸውን መኪና ውስጥ ትተው የመጡ ናቸው። ሰውዬው ደግሞ ያነሳውን ወዲያው ፌስቡክ ላይ ፖስት ያደርጋል። ካሜራው ዞር ባለ ቁጥር የሁሉም ልብ ቀጥ ይላል።

ዛሬ አጥቂያችን ከበረኛው ጋር ብቻ ለብቻ ተገናኘ። ካሜራው ዞረ። አጥቂው ኳሷን ነካ አድርጎ ፊቱን ሸፈነ፤ በረኛውም ሸፈነ። ኳሷ ማንንም ሳትፈራ ቀስ ብላ ገባች። እኔ ከብርዱ የተነሳ ነጠላዬን ጃኬቴ ላይ ደርቤ፣ ዳር ቆሜ በሳቅ ሞትኩ።

ብዙም ሳይቆይ ባለቤቴ ፎቶውን ላከችልኝ። ፊቱ የሚታየው አንድ ሰው ብቻ ነው።

«ነጠላህ ያምርብሃል» ትላለች። «ቅዳሴው አላለቀም እንዴ?»

ይኸው እዚሁ አውሮራ፣ ሃቫና ስትሪት ላይ ፓርክ አድርጌ፣ ቤት የምገባበት ድፍረት እስኪመጣ ቁጭ ብያለሁ።