አክስቴ ከዓለም አንደኛ የወጣች ለታ

አዲስ አበባ የሚኖር ዘመድ ማለት ሁሉን ያውቃል ተብሎ የሚታመን፣ እሱም ይህንን የማያስተባብል ሰው ማለት ነው። አትቆጡ… እስቲ ከመካከላችሁ አገር ቤት ሄዶ "ይኼንንስ አላውቅም" ያለ እጁን ያውጣ! እኔ በበኩሌ ብዬ አላውቅም። ስለ ላም በሽታ ጠይቀውኝ መልሻለሁ፤ ስለ ፍርድ ቤት ይግባኝ ጠይቀውኝ መልሻለሁ። ላሟም ሞተች፣ ይግባኙም ውድቅ ሆነ፤ የእኔ ክብር ግን እንዳለ ነው።

እናም ባለፈው ፋሲካ የዓመት ፈቃዴን ይዤ መካነ ሰላም ስገባ፣ አክስቴ ሰዓዳ "አንተ ጋዜጣ ላይ የምትጽፍ አይደለህ? ኢንተርኔት አያቅትህም" ስትለኝ አንገቴን ነቀነቅሁ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እኔ አፌን እንኳ ሳልከፍት ነው ያመለጠኝ።

አክስቴ ዘጠኝ ዓመት ኩዌት የሰው ቤት ሠርታ ተመልሳ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ስምንት ክፍል ያለው ፔንሲዮን የከፈተች ሴት ናት። ስሙን "እፎይ" ብላዋለች። ለእንግዶቹ ይሁን ለራሷ ጠይቄያት አላውቅም። ችግሩ እፎይ የሚል እንግዳ መጥፋቱ ነበር። የአገሩ ሰው ከወግዲም ይምጣ ከአጅባር ዘመድ አያጣም፤ ዘመድ ያጣውም መናኸሪያው በር ላይ ካሉት አልጋ ቤቶች አልፎ እሷ ድረስ አይወርድም። ኩዌት ያለችው ማዳሟ ደግሞ አርብ በመጣ ቁጥር ትደውላለች። ልጆቹ ከሰዓዳ እጅ ካልሆነ አንበላም ብለዋል፣ ክፍልሽ እንዳለ ነው፣ ቪዛውን እኔ እጨርሳለሁ ትላታለች። አክስቴ መመለስ አትፈልግም። የዚያን አገር ሙቀት ስታነሳ እንኳ ነጠላዋን ከትከሻዋ ታወርዳለች። ግን ማዳሟ ስትለማመጣት ጊዜ "እስከ ጥቅምት እንግዳ ካላገኘሁ እመጣለሁ" ብላ ቃል ሰጥታለች፤ ቃሏን የምታጥፍ ሴት ደግሞ አይደለችም።

ስለዚህ በአቅራቢያው ያለውን የዴንቆሮን ጫካ ሊያይ ከሩቅ የሚመጣ ሰው ኢንተርኔት ላይ "መካነ ሰላም አልጋ" ብሎ ሲፈልግ እፎይን ከፊት እንዲያገኛት ማድረግ አለብኝ። ካልሆነ አክስቴ ኩዌት ናት።

ድረ ገጹን መሥራት አላስቸገረኝም፤ በነጻ ከሚገኙት አንዱን ወስጄ ፎቶ ለጠፍኩበት። ያስቸገረኝ ጽሑፉ ነው። "በደቡብ ወሎ ተወዳዳሪ የሌላት ምርጥ ማረፊያ" ብዬ ጀመርኩ። አክስቴ አነበበችና ፊቷ ተለወጠ።

"ምርጥ ነኝ ብሎ ራሱን የሚጠራ ምኑ ምርጥ ነው? እሱን ሰው ይበለው። ሰርዝልኝ።"

ሰረዝኩ። "ንጹሕ" የሚለውንም፣ ሌሎቹን አልጋ ቤቶች ቆሻሻ ማለት ይመስላል ብላ አሰረዘችኝ። "ሙቅ ውሃ አለ" የሚለው "ኢንሻአላህ" ተጨምሮበት አለፈ። በመጨረሻ የቀረው "ቤቷ ትንሽ ናት፤ ያላትን አትከለክልም" የሚል ነው። ማስታወቂያ ሆኖ ይቅርታ የሚጠይቅ ጽሑፍ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ጻፍኩ።

በማግስቱ ከፔንሲዮኑ ፊት ለፊት ወዳለው የሙሉጌታ ቤት ተሻግረን ፈለግናት። ሙሉጌታ ፎቶ ኮፒ የሚያነሳ፣ አራት ኮምፒውተር ደርድሮ ኢንተርኔት የሚያከራይ ጎልማሳ ነው፤ ከአራቱ አንዱ የሚነሳው በጡጫ ነው። እፎይ የለችም። አምስት ገጽ ወረድን፣ ስድስት ገጽ ወረድን… የሚሸጥ አልጋ አለ፣ የሆስፒታል አልጋ አለ፣ የሕፃን አልጋ አለ፤ የአክስቴ አልጋ የለም። አክስቴ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። ኩዌትን እንዳሰበች ገባኝና የሆነ ቦታ ያነበብኩትን ግማሽ እውቀት መዘዝኩ። ብዙ ሰው የሚፈልገውና የሚከፍተው ድረ ገጽ ቀስ በቀስ ወደ ፊት ይመጣል አልኳት።

"የጎደለው ሰው ነው?" አለች። "አብሽር፤ ሰውማ አለኝ።"

ጂጌ ጠራች።

ጂጌ ለማታውቁ የከተማ አንባቢዎቼ፦ አዝመራ ሲታጨድ፣ ቤት ሲሠራ መንደሩ ወጥቶ የሚረዳዳበት ነው፤ እናንተ ደቦ የምትሉት። ለኢንተርኔት ሲጠራ ያየሁት ግን ያኔ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ከተባለ፣ ድረ ገጽማ ምን ያቅተዋል? ዘንድሮ አንድ ለአምስት ያልተደራጀ ነገር ስለሌለ፣ ጎረቤቱ ማንም ሳይነግረው እንደዚያው ሆኖ መጣ፤ ፊደል መምታት የሚችል አንድ፣ የማይችሉ አምስት። መናኸሪያው በር ላይ አልጋ ቤት ያላቸው ጋሽ እንድሪስ እንኳን መጡ። የመጡት የተፎካካሪያቸውን ገበያ ሊያደሩ ነው፤ ግን ጎረቤት ጂጌ ጠርታ መቅረት ነውር ነው። አክስቴ ዳቦና የማያሰክረውን የገብስ መጠጥ፣ ቃሪቦ፣ አቀረበች። ጨርቅ ነጋዴው ሼህ ይማም መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ።

"ጀሊሉ ከፊት አድርጋት። የፈለጋት አይጣት።"

ሙስሊሙም ክርስቲያኑም "አሚን" አለና ሥራ ተጀመረ። በዕድሜ ቅደም ተከተል ስለሆነ መጀመሪያ የተቀመጡት ሼህ ይማም ናቸው። ጣታቸው አንዱን ፊደል ሲነካ ግራና ቀኙን አስከትሎ ነው። "እፎይ ፔንሲዮን መካነ ሰላም" ብለው እስኪጨርሱ ዳቦው ግማሽ ደረሰ። ከዚያ ቀና ብለው በመስኮቱ አሻግረው አዩና ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ የምንፈልገው ይቺኑ ቤት ነው?"

"አዎ፣ ሼህ።"

"ትታይ የለም እንዴ?"

ለእኛ እንደምትታይ፣ ነገሩ ግን ለሩቅ ሰው እንደሆነ አስረዳኋቸው። ተቀበሉኝ። ቤቷ መስኮቱ ላይ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ላይ ብቅ ስትል ግን "አልሐምዱሊላህ፣ ተገኘች" ያሉት፣ በጉ ጠፍቶበት አድሮ እንዳገኘ ሰው ከልባቸው ነው። ከእሳቸው በኋላ የተቀመጠው ሁሉ እንደዚያው አለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ በየቀኑ ከሥራ መልስ፣ ያ ሁሉ ሰው እየተቀመጠ መንገድ ማዶ ያለችውን ቤት ፈልጎ አግኝቶ አላህን አመስግኖ ይሄድ ነበር።

ደግሞም ሠራ! በመጀመሪያው ሳምንት ስድስተኛ ገጽ ላይ ያልነበረችው ቤት ሦስተኛው ላይ ታየች። በሁለተኛው ሳምንት የመጀመሪያው ገጽ ግርጌ ላይ ወጣች። በሦስተኛው ሳምንት "መካነ ሰላም አልጋ" ብሎ የሚፈልግ ሰው ከሁሉ በላይ የሚያገኘው "ቤቷ ትንሽ ናት፤ ያላትን አትከለክልም" የሚለውን ሆነ። እልልታው መናኸሪያ ድረስ ተሰማ። በግ ታረደ። አክስቴ በእንባዋ መሃል ኩዌት ደወለችና ማዳሟን "ከዓለም አንደኛ ወጥቻለሁ፤ እንግዲህ ጊዜ የለኝም" አለቻት። እኔም ተመረቅኩ፣ የበጉ ቆዳ ተሰጠኝ፣ ደረቴን ነፍቼ አዲስ አበባ ገባሁ።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስገባ መጀመሪያ ያደረግኩት አክስቴን መፈለግ ነው። ላሳያቸው ብዬ የሥራ ባልደረቦቼን ሰበሰብኩ። የመጀመሪያው ገጽ… የለችም። ሁለተኛው… የለችም። አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ፣ ከአንድ የቁምሳጥን ሻጭ ሥር አገኘኋት። የተሰበሰበው ሁሉ ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ ነበር።

ነገሩን የገለጠችልኝ አብራኝ የምትሠራ፣ ኮምፒውተር የገባት ልጅ ናት። መፈለጊያው ብልጥ ነው አለችኝ፤ አንድ ኮምፒውተር ላይ ሰው ደጋግሞ የከፈተውን ነገር ያስታውስና ለዚያው ኮምፒውተር ከፊት ያቀርብለታል። ለሌላው አያቀርብም። ገባችሁ? የሙሉጌታ ኮምፒውተሮች ይሉኝታ ይዟቸው ነው! ባለቤቲቱ አጠገባቸው ቆማ፣ ዳቦ ቀርቦ፣ ዱዓ ተደርጎ… እንዴት ብለው አሥራ አንደኛ ናት ይበሏት? አክስቴ አንደኛ የወጣችው ከዓለም ሳይሆን ከአራት ኮምፒውተሮች ነው፤ ከአራቱም አንዱ በጡጫ ነው የሚነሳው።

ክረምቱ እንዴት እንዳለፈ የማውቀው እኔ ነኝ። አክስቴ በእኔ ግማሽ እውቀት ተማምና የመመለሻ በሯን ዘግታለች። ልነግራት ስደውል "እንግዳ ይዣለሁ፣ ቆይ እደውልልሃለሁ" ትልና ትዘጋዋለች፤ መልሳም አትደውልም። እንዳላዝንላት ብላ ነው እንጂ ከየት የመጣ እንግዳ? እላለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚሉትን ተረት ያን ክረምት ጠላሁት። ጥቅምት ሲገባ አላስችል ብሎኝ ፈቃድ ጠየቅሁና በደሴ በኩል ሁለት ቀን ተጓዝኩ። አውቶቡስ ውስጥ የምናገረውን እለማመድ ነበር። አክስቴ፣ አልዋሸሁሽም፣ ተሳስቼ ነው፤ አክስቴ፣ ሌላ መላ እንፈልጋለን።

መካነ ሰላም ልንገባ ስንል ረዳቱ በሩን እየደበደበ "እፎይ ጋ ወራጅ!" አለ። ግማሹ አውቶቡስ ወረደ።

ተከትዬ ወረድኩ። ግቢው ሙሽራ አጃቢ፣ የፍርድ ቤት ባለጉዳይ፣ ከደጎሎ ለስልጠና የመጣ መምህር ሁሉ ሞልቶታል። ጫካውን ሊያይ የመጣ አንድም ሰው የለም። ምን ተገኘ ብዬ ሙሉጌታን ጠየቅሁት። ከተማው ሦስት ሳምንት ሙሉ የዚህችን ቤት ስም በጣቱ ሲጽፍ ከርሞ፣ ከዚያ ወዲህ መንገደኛ አልጋ የት ይገኛል ብሎ ሲጠይቀው ሌላ ስም አልመጣ እያለው ተቸግሯል አለኝ። ጋሽ እንድሪስ እንኳን በገዛ በራቸው ላይ ቆመው ሻንጣ ያንጠለጠለ ሰው ሲጠይቃቸው "እፎይ ሂድ" ብለው ከላኩ በኋላ ነው አሉ የነቁት። ማዳሟም ባለፈው አርብ ስትደውል አክስቴ ሌላ ሰው እንድትፈልግ ነግራ ተሰናብታታለች።

ደስ አለኝ። ደስታው እንባ እንባ አለኝ፤ ኑዛዜው ግን ሆዴ ውስጥ እንዳለ ነው። አክስቴ አንሶላ እንደታቀፈች ብቅ አለች፤ ሳመችኝና እኔ "አክስቴ፣ አንድ የምነግርሽ…" ብዬ ስጀምር፣ ቀድማኝ ሻንጣዬን አየችው።

"ወላሂ አልጋ የለም።"

"ለእኔም?"

"የራሴንም ክፍል ለሙሽራዋ እናት ሰጥቼ ኩሽና ነው የምተኛው። ደግሞ 'ሞልቷል' ብዬ ሙሉጌታን ኢንተርኔቱ ላይ ካስጻፍኩት ሳምንት አለፈኝ። ያ ሁሉ የዓለም ሕዝብ አይቶ ሲቀር አንተ ሳታይ ነው የመጣኸው?"

ሁለት ቀን የተለማመድኩት እውነት ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዓይኗን አየሁት።

"ኔትወርክ አልነበረም" አልኳት።

"አዲስ አበባም?" አለች፤ ከልቧ አዘነችልኝ።