ሁለት ባላ የተከለ ሰው ፍርሃት

በሙያዬ የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። «ለምን ይንቀራፈፋል?» «የጠፋው ይመለሳል?» «ደግሞ ይቋረጥ ይሆን?» ሐኪምም የሚጠየቀው ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ልዩነቱ ሐኪሙን ሰው ተለማምጦ ያነጋግረዋል፣ እኔ ላይ ግን በስልክ ይጮኽብኛል።

የዳታቤዝ ጠባቂ ነኝ። ዳታቤዝ ማለት፣ ለማታውቁት፣ የብዙ ሰው ካርድ የታጨቀበት ቁም ሳጥን ነው፤ ግን በሩ አይታይም፣ ሲቃጠልም አይጨስም። እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው ነው። የሚጨስ ነገር ቢያንስ ጎረቤት ይጠራል።

የምሠራበት ክሊኒክ ሁለት ቤት አለው፤ ዋናው ከጀጎል ግንብ ውጭ በአዲሱ ከተማ፣ ቅርንጫፉ ጀጎል ውስጥ ወደ ኤረር በር ሲወርዱ። በሁለቱም ቤት አንድ አንድ ሰርቨር፣ ማለትም ያን ቁም ሳጥን የተሸከመ ኮምፒውተር፣ አለ። ዋናው ይጽፋል፤ የጀጎሉ ይገለብጣል። በየጥቂት ሰከንዱም «አለህ?» ይለዋል። መልስ ካጣ «ሞቷል» ብሎ ወንበሩን ይወርሳል። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል፤ ተከልኩ፣ ተንጠልጥዬም እንቅልፌን ለጠጥኩ።

ተረቱ ግን ሁለቱም ባላዎች ሳይሰበሩ ቢካካዱ ምን እንደሚደረግ አይናገርም።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ በሁለቱ መሀል ያለው መስመር ተቋረጠ። ማንም አልሞተም። የጀጎሉ ግን ተጣራ፣ መልስ አጣ፣ ለቅሶ እንኳ ሳይቀመጥ ራሱን ሾመ። ችግሩን ላይ ጀጎል ስደርስ መዝጋቢዋ ፋጡማ ሻሿን እያሰረች ነበር። ከአፎቻዋ አንዲት ሴት ሞታባት ነው። አፎቻ የጀጎል ሰው በለቅሶና በሠርግ የሚደጋገፍበት ማኅበር ነው፤ «ሥራዬን ልጨርስና» የሚባልበት አይደለም።

«ወንድሜ፣ ስም መጻፍስ አያቅትህም መቼም» አለችና ወጣች።

ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። ከገቡት አንዱ አው ዩሱፍ ነበሩ፤ «አው» እዚህ እንደ «አባ» ያለ የክብር ስም ነው። ዕድሜያቸውን ኪታብ፣ የሃይማኖት መጽሐፍ፣ ሲጠርዙ የኖሩ፣ እግራቸው የቆሰለባቸው፣ ለክሊኒኩ አዲስ የሆኑ ሽማግሌ።

«ልጄ፣ ይህችን በደንብ ጻፋት። ፔኒሲሊን የሚሉት ጉሮሮዬን ይዘጋዋል። ያኔ አላህ ነው የመለሰኝ።»

«ጽፌዋለሁ።»

«በቀይ?»

«ቀይ የለውም፣ አው ዩሱፍ።»

«ወላሂ፣ ቀይ ቀለም የሌለው ምን ዓይነት መጽሐፍ ነው!»

ቁስላቸው በዕለቱ ተረኛ ነርስ ታሰረ፣ ለሐሙስ ተቀጠሩ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ዋናው ቤት ተመለስኩ፤ መስመሩም ተመለሰ። አሁን ሰርቨሮቹ ሁለት ጌቶች ሆኑ፤ አንዱ የያዘው ሌላው ዘንድ የለም። ኮሪደሩ ላይ የተሰለፈው ሕዝብ ይጮኻል፣ አለቃዬ ደግሞ ከሕዝቡ በላይ ይጮኻሉ። የጀጎሉ የራሱን አጥፍቶ ከዋናው እንዲገለብጥ አዘዝኩት። በዋናው ቤት የበዛ ሰው ተመዝግቧል፤ በጀጎሉ ጥቂት። መጀመሪያ የጥቂቶቹን ለብቻ ማስቀመጥ ነበረብኝ። ቸኮልኩ። እነዚያን ጥቂቶች በገዛ ጣቴ መመዝገቤ እንኳ ትዝ አላለኝም።

ሐሙስ ጠዋት ነርስ ሂሩት ከጀጎል ደወለች።

«ስማ፣ አው ዩሱፍ የሚባሉ ሰው ካርድ አለኝ ይላሉ፤ የለም። አዲስ አውጥቼላቸዋለሁ፣ አሁን መርፌያቸውን ልስጥ። ደግሞ ይሄ ነገርህ ለምንድን ነው የሚንቀራፈፈው?»

«የምን መርፌ?»

ስልኩ ተቋረጠ። ደግሜ ደወልኩ። አይሠራም።

ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ መኪናው ተዘጋግቶ ቆመ። ወርጄ ሮጥኩ። ግንቡ ጠላትን ለማገድ ተሠራ ይባላል፤ እኔን ያገደኝ ግን በጠባቧ መተላለፊያ ቲማቲም የጫነ አንድ አህያ ነው። ባለቤቱ «ቀስ በል እንጂ፣ ማን ሞተብህ?» አለኝ። መልሱን አላውቅም ነበር።

ስደርስ አው ዩሱፍ እጅጌያቸውን ጠቅልለዋል። ሂሩት መርፌውን ወደ ላይ ይዛ አየሩን እያስወጣች ነው።

«ፔኒሲሊን ነው?»

«አዎ። ምን ሆነሃል? ኮምፒውተሩ ላይ እኮ ምንም የለባቸውም።»

ባዶ ማለት «የለም» ሳይሆን «አናውቅም» ማለት ነው፤ የሙያዬ የመጀመሪያ ትምህርት። በወረቀቱ ዘመን ሂሩት ሰውን ሁሉ በአፏ ትጠይቅ ነበር። ማሽኑ ከመጣ ወዲህ መጠየቁን ለማሽኑ ትታለታለች።

«እርስዎስ ለምን አልነገሯትም?» አልኳቸው።

«ለአንተ ነግሬህ የለ? የተጻፈ ነገር ስንቴ ይነገራል?»

መርፌው ተጣለ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። አው ዩሱፍ እጅጌያቸውን ቀስ ብለው እየመለሱ ሰሙኝ።

«ሁለት ሰው ተካክዶ ብቻህን ፈረድክ? ሦስተኛ የሚሆን ሽማግሌ ጠፋ?»

የሙያችን መጻሕፍት በብዙ ገጽ የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ሦስተኛ ምስክር አቁም። እሳቸው ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም።

«አልሐምዱሊላህ፣ እኔስ ተረፍኩ» አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ በሩ መለሱ። «ከእኔ ኋላ ተሰልፈው የነበሩትስ?»

ከእሳቸው ኋላ ሰው ነበር። ፋጡማ ከለቅሶ እስክትመለስ ስጽፍ ነበር የቆየሁት። ስማቸውም፣ ስልካቸውም፣ «ይህ መድኃኒት አይስማማኝም» ያሉትም ያጠፋሁት ውስጥ ነው። ሂሩት አሁን ሰውን ሁሉ በአፏ ትጠይቃለች፤ እኔ ግን ሌላ ሐኪም ቤት ሄዶ «የማይስማማኝ እዚያ ክሊኒክ ተጽፏል» ብሎ ሳይናገር የሚቀረውን ሰው አስባለሁ።

ስለዚህ ሰሞኑን ኤረር በር ላይ ቆሜ አላፊ አግዳሚውን እጠይቃለሁ። ትናንት አንዲት እናት ዘንቢላቸውን እንደያዙ አስቆምኳቸው።

«እናቴ፣ ማክሰኞ ለታ ክሊኒክ መጥተው ነበር?»

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «አላህ ያሽርህ፣ ልጄ» ብለውኝ አለፉ።

መምጣት አለመምጣታቸውን አልነገሩኝም።