አያ ደምሌ የፖርቱጋሉን ወይን ሲቀምሱ

መጠጥ ቀምሰው ጠማቂውን የሚያውቁ ሰው ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? የወረታው አያ ደምሌ እንዲያ ነበሩ። ጠላ በመዳፋቸው ተቀብለው ይቀምሱና፣ «ይችን የጠመቀች ሴት ስትጠምቅ አልቅሳለች» ይላሉ። አልቅሳ ትገኛለች።

አንድ ክረምት፣ የፎገራ ሜዳ በጎርፍ ባሕር መስሎ ሳለ፣ ከፈረንጆች ጋር መንገድ የሚሠራው ወንድሜ ለልጁ ክርስትና የፖርቱጋል ነጭ ወይን አመጣ። ሁለት ዓይነት ወይን ተደባልቆ በእንጨት በርሜል የከረመ ነው አለን። ቀመስነው፤ ጭስ ጭስ ይላል።

«የሞፈር እጣቢ» ብዬ ሳቅሁ።

አያ ደምሌ ግን መዳፋቸውን ልሰው ወደ ጎኔ አተኩረው አዩ።

«ምነው አያ?»

«ጠማቂው ሞቷል» አሉ። «አሁን ግን ካንተ ጎን ቆሞ፣ ‹እንዴት ነው?› ይለኛል። ምን ልበለው?»

ጎኔን አየሁ፤ ማንም የለም። እድምተኛው ሁሉ ባንድ አፍ፣ «ግሩም ነው» አለ።

አያ ደምሌ ጥቂት አዳመጡና ወደኔ ዞሩ። «‹የሳቀውስ ምን ይላል?› እያለ ነው።»

ሦስት ብርጭቆ ጨልጬ ይቅርታ ጠየቅሁ። ጎኔን ግን እስከ ዛሬ ይበርደኛል።