አንድ ጉርሻ፣ አራተኛ ፎቅ

በዚህ አገር ሰው ስትወፍሪ "ተመችቶሻል" ይልሻል። ስትከሺ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ምነው፣ ደህና አይደለሽም እንዴ?" ነው። ባለፈው ሾላ ገበያ በርበሬ የምገዛት ሴትዮ ከላይ እስከ ታች አየችኝና ሳልጠይቃት አንድ እፍኝ መረቀችልኝ። ስንት ዓመት ተከራክሬ ያላገኘሁትን! እግዜር ይማርሽ ማለቷ ነው።

አልታመምኩም። ጨጓራዬን በቀዶ ጥገና አስቀንሼ ነው። ድሮ ትሪ ሙሉ የማይበቃው ሆድ ዛሬ ከሲኒ ብዙም አይበልጥም። ለምን አስደረግሽው ካላችሁኝ ምክንያቱ ብዙ ነው። ስኳሩ አለ፣ ግፊቱ አለ፣ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ "ጠጋ ጠጋ በሉ" ባለ ቁጥር ተሳፋሪው ሁሉ እኔን ማየቱም አለ። ይህን ሁሉ ለሐኪሙ ነገርኩት። ዋናውን ግን ደበቅኩት።

ዋናው እታለም ናት፤ ታላቅ እህቴ። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጣላትና ቦሌ ቡልቡላ ገባች፤ አራተኛ ፎቅ። ሊፍት የሚባል ነገር የለም። እሷ ጉልበቷን ስለሚያማት አትወርድም፣ እኔ ክብደቴን ተሸክሜ አልወጣም። ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ግቢው ውስጥ አንጋጥጬ፣ እሷ ከበረንዳ ጎንበስ ብላ፣ ስልክ ጆሯችን ላይ ደግነን ተጠያየቅን። ጨዋታው ሲያልቅ በገመድ ዘንቢል ታወርድልኛለች። ምሳዬ ነዋ! የጥበቃው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ ሙልጭ አድርጌ እበላና ባዶውን ዕቃ እሰድላታለሁ። ታዩልኛላችሁ? ፎቅ እንዳልወጣ ያደረገኝ ያው ከፎቅ የሚወርደው ነበር።

ቀዶ ጥገናውን አልነገርኳትም። ትደነግጣለች ብዬ ነው እላለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ቁጣዋን ፈርቼ ነው። "ሆዴን አስቆረጥኩ" ተብሎ ለታላቅ እህት በየትኛው አፍ ይነገራል? በወሩ ሄድኩ። ዘንቢሉ ወረደ፤ ዶሮ ወጥ። እኔ ገና ሾርባ በማንኪያ የምቆጥር ሰው ነኝ። መመለስ ነውር ነው። ስለዚህ እንዳታየኝ ወደ ግድግዳው ተጠጋሁና ለጥበቃው ለጋሽ ታደሰ ሰጠኋቸው። ለካ አይታለች። እንቁላሉን ጋሽ ታደሰ አፍ ሲገባ ነው ያየችው። ስልኩን ዘጋች፣ ገመዱን ሰበሰበች። ከዚያ በኋላ ብደውል አታነሳም። በሰው የላከችብኝ ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ "እጄን ተጸየፈችው።"

ለክትትል ስሄድ ሐኪሙ፣ የልጄ እኩያ ነው፣ ግብዎ ምንድን ነው አለኝ። ተዘጋጅቼ ነበርና የሠርግ ፎቶዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ "ይቺን መሆን" አልኩት። ያኔ ስንት ዓመትዎ ነበር አለ። አሥራ ዘጠኝ አልኩት።

"እናቴ፣ እኔ የምቀንሰው ጨጓራ ነው እንጂ ዕድሜ አይደለም።"

እንዲህ የተረበኝ ወንድ ከባሌ ሌላ የለም። ከዚያ ረጋ ብሎ፣ ሚዛኑን ይርሱትና በእግርዎ ሊደርሱበት የሚፈልጉትን አንድ ቦታ ይንገሩኝ ሲለኝ እንባዬ መጣ። "አራተኛ ፎቅ" አልኩት።

በአንድ ቀን እንዳይሞክሩት አለኝ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለዚህ ወር አንደኛ ፎቅ ብቻ፤ ወጥተው፣ አርፈው፣ ይውረዱ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? ትምህርት ቤት ብዙ ባልገፋም ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፤ እንቁላሉ አራተኛ ፎቅ ወጣ የሚል ግን የትም አላነበብኩም። ቢሆንም ታዘዝኩ። ሐሙስ ሐሙስ እታለም ሕንፃ እሄዳለሁ። አንደኛ ፎቅ የሚኖሩት ሴትዮ ሳለከልክ ሰምተው በርጩማ አወጡልኝ። በሁለተኛው ወር ሁለተኛ ፎቅ ደረስኩ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ግን ከተባለው በላይ ሰነበትኩ። ጉልበት አንሶኝ እንዳይመስላችሁ። ከላይ የእህቴ ሳል ይሰማኛል። በሩን ብትዘጋብኝስ?

አንድ ሐሙስ ጨክኜ ወጣሁና አንኳኳሁ። ከፈተች። እንደ በርበሬዋ ሴትዮ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ቀጥላ ከኋላዬ ደረጃውን አየች።

"ማን ተሸክሞ አመጣሽ?"

"እግሬ።"

ገብቼ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ቀዶ ጥገናውን፣ ሾርባውን፣ ጋሽ ታደሰን። ተነስታ ማድ ቤት ገባች። ተቆጥታ ነው ብዬ ቦርሳዬን ላነሳ ስል ሳህን ይዛ ተመለሰች። ጉርሻ ጠቀለለች፤ የድሮዋን፣ ጡጫ የምታክለውን። አየችኝና ግማሹን ቀነሰች። ደግሞ ቀነሰች። ባቄላ ስታክል አጎረሰችኝ። እንደታዘዝኩት አላመጥኩ፣ አላመጥኩ። እሷ አፍ አፌን እያየች ጠበቀች፤ ጥርስ ያላበቀለ ልጅ የምታበላ ነው የምትመስለው።

እጇን ወደ ሳህኑ ስትመልስ ፈራሁ። አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ ይህን የማያውቅ አበሻ አለ?

"እታለም፣ ሁለተኛው አይገባልኝም" አልኳት።

ጣቶቿን ጠረገች። "እኛ አስቀድመን ተጣልተን የለ? አንዱ ይበቃናል። ሁለተኛውን ነገ መጥተሽ ትጎርሻለሽ።"

ነገ ዓርብ ነው፣ ጾም ነው ብላት፣ ሽሮ እሠራለሁ አለችኝ።

ሄድኩ እንጂ። ሐኪሙ በሳምንት አንድ ቀን ማለቱን አልነገርኳትም። እሱ ግቤን በፎቅ ከፋፍሎልኝ ነበር፤ እህቴ በጉርሻ ከፋፈለችው።