አዋሳ ሰው አለኝ

በየከተማው አንድ «ሰው አለኝ» የሚል ሰው አለ። ሐኪም የሌለው ከተማ ይኖራል፣ መብራት የሌለውም ሞልቷል፤ ይህ ሰው የሌለበት ከተማ ግን ገና አልተቆረቆረም። ችግርህን ጀምረህ ሳትጨርስ እጁን ያነሳና «ተወው፣ እዚያ ሰው አለኝ» ይልሃል። ስኳር ጠፋ? ሰው አለው። ወንድምህ ጎሬ ተመደበ? ጎሬ ሰው አለው። ሞተህ ወዲያኛው ዓለም ወረፋ ቢረዝምብህ፣ እዚያም በሩ ላይ የሚያውቀው ዘበኛ አያጣም።

የአምቦው ክቡር ኦቦ ሆርዶፋ ነበሩ። «ክቡር» የምትለዋን የጨመረላቸው መምህር ተሬፋ ነው፤ ያውም በሆዱ እንጂ ፊት ለፊት ብሏቸው አያውቅም። ኦቦ ሆርዶፋ ከመናኸሪያው ጀርባ የሚኖሩ፣ በአንድ የእህል መጋዘን ሚዛን ላይ የሚሠሩ፣ ባርኔጣቸውን ከጆሯቸው በላይ ዘንበል የሚያደርጉ ቀጭን ሰው ናቸው። ኪሳቸው ውስጥ ከመጋዘኑ ቁልፍና ከአንድ እርሳስ በቀር ምንም የለም። ከአፋቸው ግን ሞያሌ ይወጣል፣ መተማ ይወጣል፣ አሰብ ይወጣል፤ በሁሉም ሰው አላቸው።

ችግሩ ሰዎቻቸው እንደ ስማቸው አለመሆናቸው ነው። ተሬፋ አንድ ጊዜ ሬዲዮኑ ቢበላሽበት ኦቦ ሆርዶፋ «ጉደር ሰው አለኝ» ብለው ይዘውት ሄዱ። ሬዲዮኑ ከጉደር ሲመለስ ከዓረብኛ በቀር አልናገርም አለ። ለጣሪያው ቆርቆሮ ሲፈልግ «ጊንጪ ሰው አለኝ» አሉት፤ ሰውየው ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ኦቦ ሆርዶፋ ቅንጣት አላፈሩም። «ጡረታ ወጣ እንጂ አልሞተ» አሉና ሰውየውን ቤቱ ድረስ ሄደው ፈለጉት፤ ቆርቆሮው አልተገኘም፣ ሁለቱ ግን ጎመን በሥጋ በልተው መጡ።

እንግዲህ የመምህር ተሬፋ የአዋሳ ጉዞ በእኚህ ሰው እጅ ወደቀ። ዘመኑ 1975 ዓ.ም. ነው።

ተሬፋ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው። የስምጥ ሸለቆን ሐይቆች ከሰሜን እስከ ደቡብ በዘንግ እየጠቆመ ሲያስተምር ስንት ዓመቱ፣ አንዳቸውንም ግን በዓይኑ አላየም። ይህን ሚስቱ ጌጤነሽ ስለምታውቅ አልፎ አልፎ ትወጋዋለች። ሲጋቡ የተመደበው ጎጆ የምትባል ደጋ ከተማ ነበር። የጎጆን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ሰው ገብስና ድንች እየበላ እሳት ዳር ከመኮራመት በቀር ምርጫ የለውም። ያኔ ነው ተሬፋ የጌጤነሽን ቀዝቃዛ እግር በሁለት እጁ እያሸ «አዋሳ እወስድሻለሁ፤ እግርሽን ሙቅ ሐይቅ ውስጥ ትነክሪዋለሽ» ያላት። ከዚያ አምቦ ተዛወሩ። ከዚያ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መጣና ክረምት በመጣ ቁጥር ተሬፋን ጠራርጎ ይወስደው ጀመር። ሰባት ዓመት ሞላ።

ዘንድሮ ግን የሴሚስተሩ ዕረፍት አሥር ቀን ሆነ። ጌጤነሽም ከምትሠራበት ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ፈቃድ አገኘች፤ ያችኑ ሳምንት ብቻ፣ ወዲህም ወዲያም የማትል። ፈቃዱን ባገኘችበት ማታ ሰሐን እያጠበች፣ ዞር ሳትል ነው የተናገረችው።

«ተሬፋ፣ ዘንድሮ ካልሄድን እሺ ነው፣ አልቀየምህም። ግን ሁለተኛ በዚህ ቤት አዋሳ የሚባል ስም አታንሳብኝ።»

ተሬፋ ደነገጠ። ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

ወሬው እንዴት መናኸሪያው ጀርባ እንደደረሰ አይታወቅም። በማግሥቱ ኦቦ ሆርዶፋ ባርኔጣቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

«አካም ጂርታ፣ መምህር። አዋሳ ልትሄዱ ነው አሉ።»

«ከተሳካ ብለን ነው፣ ኦቦ ሆርዶፋ። ሆቴል በደብዳቤ ልጠይቅ ነበር።»

«ሆቴል?» ኦቦ ሆርዶፋ ወንበር ሳቡ። «አዋሳ ሰው እያለኝ ሆቴል ልትገባ? ሱልጣን የሚባል ሰው አለኝ። ቤቱ ሐይቁ ዳር ነው። ከመኪና ወርዳችሁ በቀጥታ ወደ ሐይቁ ትሄዳላችሁ፣ ትልቅ ሾላ ታገኛላችሁ፣ ከሥሩ ሴቶች ዓሣ ይጠብሳሉ። ከሾላው በስተግራ ሦስተኛው ቤት። ‹ሆርዶፋ ልኮን ነው› በሉ። አራት ነጥብ።»

ተሬፋ በሆዱ ሬዲዮኑን አስታወሰ። ጌጤነሽ ግን ወንበሯን አስጠጋች። ኦቦ ሆርዶፋም ሐይቁን ይተርኩላት ጀመር። ጠዋት ውሃው እንዴት ጭጋግ ለብሶ እንደሚነሳ፣ ጀልባዎቹ ሲመለሱ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ደመወዝ እንደሚጠብቅ ሠራተኛ ዳር ዳሩን እንዴት እንደሚሰለፉ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ። ተሬፋ ላለመበለጥ ከባሕር ወለል በላይ ያለውን ከፍታ ተናገረ። የሰማው የለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ የጦር ሰፈር ሆነ። ኦቦ ሆርዶፋ በየማታው አዲስ መመሪያ ይዘው ይመጣሉ። «ከሞጆ በኋላ በግራ በኩል ተቀመጡ፤ ዝዋይ የሚታየው በግራ ነው።» ተሬፋ በስውር ካርታውን ዘርግቶ አየ፤ እውነት በግራ ነው። «አዲስ አበባ የምታድሩት መርካቶ ነው፤ ደሊል የሚባል ሰው አለኝ።» «ሻንጣ አትግዙ፤ ሸምሲያ ጋ ሰው . . . ራሷ ሸምሲያ አለችኝ።» ሸምሲያ የጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ሻንጣዋን ብቻ ሳይሆን አበባ ያለበት ሦስት ሜትር ጨርቅም ጨምራ ላከች። ጌጤነሽ ጨርቁን ጉርድ ቀሚስ አሰፋችውና ማታ ማታ ለብሳ በነጠላ ጫማ ሳሎኑን ትመላለስበታለች። ጎረቤት እየመጣ ያያል። ሁለቱ ልጆች ጊንጪ እህቷ ጋ እንዲቆዩ ተወሰነ፤ አውቶቡሱ ስለሚያልፍባት እግረ መንገዳቸውን ሊያወርዷቸው ነው። ተሬፋ ደብተር ሊያርም ተቀምጦ ራሱን የአውቶቡስ ሰዓት ሲጽፍ ያገኘዋል። ደስታው ከጥርጣሬው እየቀደመ አስቸገረው።

ሊነሱ ሦስት ቀን ሲቀር ነገሩ ቀበሌ ላይ ተጋጨ። ያለ ይለፍ ወረቀት ኬላ አይታለፍም። ጸሐፊው ጓድ አሰፋ ቅጹን አውጥቶ ብዕሩን አዘጋጀ።

«የጉዞው ምክንያት?»

«ለመዝናናት» አለ ተሬፋ።

ጓድ አሰፋ ቀና አለ። «ማን ሞቶባችሁ ነው?»

«ማንም አልሞተብንም።»

«የታመመ አለ?»

«የለም። ሐይቅ ልናይ ነው።»

«ሐይቅ . . .» ጸሐፊው ቅጹን ገልብጦ ጀርባውን አየ። «ጓድ ተሬፋ፣ እኔ እዚህ የምጽፈው ሐዘን፣ ሕክምና፣ ሥራ፣ ዘመድ ጥየቃ ነው። ሐይቅ አይቼ ልምጣ ያለኝ ሰው የለም። ሊቀመንበሩን ልጠይቅ። እሳቸው ደግሞ ስብሰባ ሄደዋል፤ የሚመለሱት ሰኞ ነው።»

አውቶቡሱ ቅዳሜ ነው። ጌጤነሽ የቦርሳዋን ማንገቻ ታሽ ነበር። ተሬፋ ያችን የሰሐን ማጠቢያ ማታ አሰበ። ይሄኔ ከበሩ በኩል ሳል ተሰማ።

«አሴ» አሉ ኦቦ ሆርዶፋ፣ «እነዚህ ልጆች ዘመድ ጥየቃ ነው የሚሄዱት። ሱልጣን ጋ። ሱልጣን የእኔ ሰው ነው፣ እነሱም የእኔ ናቸው። ታዲያ እርስ በርስ ምን ሊባሉ ነው?»

ጓድ አሰፋ ለመከራከር አፉን ከፈተ፣ ኦቦ ሆርዶፋን አየ፣ መልሶ ዘጋው። «ዘመድ ጥየቃ» ብሎ ጻፈና ማኅተሙን አሳረፈበት። ተሬፋ ለመንግሥት ወረቀት ሲዋሽ የመጀመሪያው ስለሆነ እስከ ቤቱ ድረስ ጆሮው ቀልቶ ሄደ።

ቅዳሜ ተነሡ። ልጆቹን ጊንጪ አወረዱ። መርካቶ የደሊል ቤት የበርበሬ መጋዘን ሆነና ሲያስነጥሱ አደሩ፤ ደሊል ግን ከጎናቸው አልተለየም፣ ጠዋትም ሻንጣውን ተሸክሞ አውቶቡስ ላይ አወጣቸው። ከሞጆ በኋላ በግራ ተቀመጡ። ዝዋይ ብቅ ስትል ጌጤነሽ የተሬፋን ክንድ ጨመደደችው፤ እሱም የሐይቁን ስፋት ሊነግራት ጀምሮ ተወው።

አዋሳ ሲደርሱ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። በቀጥታ ወደ ሐይቁ ሄዱ። ሐይቁ አለ። ሾላ ግን የለም። ሻንጣውን ተሸክመው ወደ ቀኝ ሄዱ፣ ወደ ግራ ተመለሱ፤ ዓሣ ጠባሾች አሉ፣ የተቀመጡት በሸራ ጥላ ሥር ነው። ተሬፋ የሬዲዮኑ ዓረብኛ ጆሮው ላይ መጣበት። የያዙት ገንዘብ ከሁለት ቀን ሆቴል አያልፍም። ጌጤነሽ ደግሞ ለሐይቁ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች፤ ማረፊያ ሳይገኝ ላለማየት የማለች ትመስል ነበር።

በመጨረሻ አንዷን ዓሣ ጠባሽ «እማማ፣ ሾላው የት ነው?» አላት።

«ቆማችሁበት የለም እንዴ?»

«ዛፉስ?»

«ዛፉማ ከወደቀ አራት ዓመቱ። ሰፈሩ ነው ሾላው።»

በስተግራ ሦስተኛው ቤት አንድ መረብ የሚጠግን ጎልማሳ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ሱልጣን ማለት እሱ ነው። ተሬፋ ኮቱን አስተካክሎ «ከአምቦ ነው የመጣነው። ኦቦ ሆርዶፋ . . .» ከማለቱ ሻንጣው ከእጁ ወጥቶ ቤት ውስጥ ገባ። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። ሱልጣን ያለውን አንድ አልጋ ለእንግዶቹ ለቀቀና ከሚስቱ ጋር ወደ ወጥ ቤቱ ተዛወረ። ተሬፋ «አይሆንም» ቢል «ዝም በል» ተባለ።

ማታ ዓሣ እየበሉ ሱልጣን ነገሩን አወጋቸው። ከሰባት ዓመት በፊት ጨርቅ ይዞ ወደ ነቀምት ሲሄድ አምቦ ላይ ወባ ጣለው። አውቶቡሱ ጥሎት ሄደ። መናኸሪያው ጀርባ ያለ አንድ ባለ ባርኔጣ ሰው አንሥቶ ቤቱ አስገባው፤ የእነሱን ሥጋ እንደማይበላ ሲያውቅ ሸምሲያን በየቀኑ እያስመጣ አስቀቀለለት።

«አሥራ አንድ ቀን ተኛሁ» አለ ሱልጣን። «እንቅልፍ እንዳይወስደኝ እያለ ስለ ሐይቁ ይጠይቀኛል። ውሃው በጠዋት ምን ይመስላል፣ ወፎቹ የት ይቆማሉ፣ ነፋሱ ከየት ይመጣል። ሾላውን እንኳ እኔ ነኝ የነገርኩት። ለመሆኑ መቼ ነው የሚመጣው?»

«እንደገና መቼ ይመጣሉ ማለትህ ነው?» አለ ተሬፋ።

«እንደገና? መቼ መጥቶ ያውቃል? እሱ ከአዲስ አበባ አልፎ አያውቅም እኮ።»

ተሬፋ ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። ሞያሌ፣ መተማ፣ አሰብ። ከኦቦ ሆርዶፋ ሳሎን ጥግ ሁልጊዜ ተጠቅልሎ የሚቆም አንድ ፍራሽ አለ፤ ተሬፋ ፀሐይ ሊያስመቱት ነው እያለ አልፎት ይሄድ ነበር። አሁን ትዝ አለው። ከጎጆ አምቦ የተዛወሩ ዕለት፣ በዝናብ መጽሐፎቹ ረጥበው መናኸሪያው ውስጥ ሲንቀጠቀጡ፣ እሱና ጌጤነሽ ያደሩት በዚያው ፍራሽ ላይ ነው። በዚያች ሌሊት ኦቦ ሆርዶፋ ስለ ጎጆ ገብስ ሲጠይቁት አምሽተው ነበር። ዛሬ አንድ ሰው ስለ ጎጆ ቢያማርር ኦቦ ሆርዶፋ «ጎጆ ሰው አለኝ» እንደሚሉ ተሬፋ ያውቃል። አፈረ፤ ደግሞም ወደዳቸው።

ጠዋት ጌጤነሽ የአበባ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ እግሯን ውሃው ውስጥ ከተተች። ጣቶቿን አሸዋው ውስጥ ቀበረች። ከዚያ «ሙቅ ነው» አለች፣ ድምፅዋ ተሰብሮ። «ተሬፋ፣ እውነትም ሙቅ ነው።» አባ ኮዳዎቹ በተባለው ቦታ ተሰልፈዋል። አምስት ቀን እንደዚያ አለፈ፤ ተሬፋም አንዲት ቁጥር ሳይናገር ተመለሰ።

አምቦ ሲገቡ ኦቦ ሆርዶፋ መናኸሪያው ላይ ቆመው ይጠብቋቸው ነበር። «ሾላው እንዴት ነው?» አሉ ገና ሻንጣው ሳይወርድ።

«ሄደው ያዩታል» አለ ተሬፋ።

«እኔ?» ሳቁ። «የማታው አውቶቡስ ይበላሻል፣ ሰው ይቀራል። ቤቱን ለማን ትቼ?»

«ለእኛ» አለች ጌጤነሽ። «እርስዎና ባለቤትዎ አዴ ወርቅቱ ሂዱ። ፍራሹን እኔ እዘረጋዋለሁ።»

ኦቦ ሆርዶፋ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ፣ እንደገና አወለቁ። ተሬፋ ሳይውል ሳያድር ክንዳቸውን ይዞ ቀበሌ ወሰዳቸው። ጓድ አሰፋ ቅጹን አወጣ።

«የጉዞው ምክንያት?»

ለአሥር ከተማ ሰው የሚያዘጋጁት ክቡር ኦቦ ሆርዶፋ ስለ ራሳቸው ሲጠየቁ አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ባርኔጣቸውን ያሽከረክራሉ። ተሬፋ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለ።

«ዘመድ ጥየቃ ብለህ ጻፍ» አለ፤ «አዋሳ ሰው አላቸው።»